በታናሿ ልዕልት ላይ የሠራሁት

እናቴ ኖርዌይኛ ማንበብ አትችልም፤ ኮሪያኛውማ አይነሳ። ስለዚህ ያ የኮሪያ ነገሥታት ድራማ ኦስሎ፣ ሊንደበርግ ሰፈር ያለው ቤታችን የገባው በእኔ አፍ ነው። ሰዎቹ በኮሪያኛ ይናገራሉ፤ ከሥር በኖርዌይኛ ይጻፋል፤ እኔ ደግሞ የተጻፈውን እየተከተልኩ በአማርኛ እላለሁ። እናቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል እኔን ትሰማለች። ማዮርስቱን ሰፈር ከማጸዳው ቢሮ የምወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃውን ወጥቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሪሞቱን ይዛ ትጠብቀኛለች። ደህና ዋልሽ ወይ ከማለቷ በፊት "ትናንት ንጉሡ ሲያስለው ነው የተውነው" ትለኛለች።

ታሪኩ ከሺህ ዓመት በፊት የሆነ ነው። አንድ ትንሽ መንግሥት አለ፤ ንጉሡ አርጅቷል፤ ወንድ ልጅ የለውም፤ ያሉት ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው። ዙፋኑ ላይ የሚቀመጠው በአባትም በእናትም የነገሥታት አጥንት ያለው ብቻ ነው። ይህን ሳነብላት እናቴ ትራሱን ገፋ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"እዚያም አጥንት ይቆጠራል?"

"ይቆጠራል።"

"በሁለቱም ወገን?"

"በሁለቱም።"

"እንግዲህ ወግ ያላቸው ሰዎች ናቸው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሪያዎቹን እንደ ዘመድ ቆጠረቻቸው።

እውነቱን ልናገርና ድራማውን ያን ያህል አልወደድኩትም ነበር። የወደድኩት እናቴ እኔን መፈለጓን ነው። እህቴ የተወለደችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ የእናቴ ጭን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነ፣ የእኔ ጀርባ ደግሞ የእሷ ማዘያ። ለአቅመ ሔዋን ሳልደርስ ልጅ አሳድጌያለሁ ማለት እችላለሁ። ስለዚህ እናቴን ኦስሎ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን ይዤ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ብቻ ስትኖር፣ በእኔ ዓይን ስታነብ፣ የልጅነቴን ዕዳ ያስመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው መስከረም እህቴ ከሰሜን ኖርዌይ ጓዟን ጠቅልላ ኦስሎ ገባች። ባርነሃገ፣ ማለትም ሕፃናት መዋያ ተቀጠረች፣ ቬስትሊ ሰፈር ቤት አገኘች። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ቤት ምሳ እየበላን ሳለ ሹካዋን አስቀመጠችና፣ "እማዬ እኔ ጋ ብትኖርስ? የእኔ ሕንጻ ሊፍት አለው። ይኼን ሁሉ ደረጃ በዚያ ጉልበቷ፣ እትዬ፣ እስከ መቼ?" አለች። እትዬ የምትለኝ እኔን ነው። ሁለታችንም እናታችንን አየናት። እሷ አጥንት እየጋጠች ነበር፤ ግጣ ስትጨርስ "ከፋሲካ በኋላ እነግራችኋለሁ" አለች።

ከፋሲካ በኋላ! ደግነቱ ጾሙ እንኳን ገና አልተያዘም። ጊዜ አለኝ አልኩ በሆዴ።

ያን ቀን ምሳውን ከበላን በኋላ ድራማው ተከፈተ። እኔ ሳህን ሳጥብ እህቴ ሶፋው ላይ እናቴ ጎን ተወሸቀችና ማንበብ ጀመረች። ሥራዋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሕፃናት መጽሐፍ ስታነብ ነው የምትውለው። ንጉሡን በተዘጋ ድምፅ፣ የመኳንንቱን አለቃ በአፍንጫዋ፣ ሞግዚቷን እያለቃቀሰች አነበበችው። እኔ ጽሑፉ ሲፈጥንብኝ ሪሞቱን ተጭኜ አቆመዋለሁ፣ ወይም "የሆነ ነገር ተባባሉ" ብዬ አልፈዋለሁ። እሷ አንዴም አላቆመችም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በእኔ ንባብ አንድ ቀን ስቃ አታውቅም፤ እኔማ መንግሥት ሲፈርስ ምን ያስቃል ብዬ ነበር። እጄን በሳሙናው ውኃ ውስጥ እንደነከርኩ እርር ድብን አልኩ።

በማግስቱ ሪሞቱን ይዛ አልጠበቀችኝም። "እሱን ቅዳሜ እህትሽ ስትመጣ ብናየውስ?" አለችኝ።

"እኔም እኮ ማንበብ እችላለሁ።"

"ትችያለሽ፤ ማን አትችይም አለሽ?" አለችና ከፈተችው፤ ግን ለእኔ ብላ እንደከፈተችው ገባኝ። ከመከልከል ይልቅ እንዲህ ያለው መፈቀድ ያማል።

በዚያ ቀን ክፍል ንጉሡ ታሞ ተኝቷል። ታናሿ ልዕልት መድኃኒቱን ራሷ አፍልታ፣ ራሷ ቀምሳ፣ በጽዋ ይዛለት ገባች። ከሥር የተጻፈው "አባቴ ሆይ፣ ይህ እንቅልፍ ይሰጥሃል" የሚል ነበር። ዓይኔ በደንብ አንብቦታል። አፌ ግን፣ "ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም" አለ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። "ማን ናት እንዲህ ያለችው?"

"ታናሿ። በልቧ ነው የምታወራው።"

"ፊቷ እንደዚያ አይልም።"

"ተንኮለኛ ፊቷን መች ታሳያለች?"

ከዚያ በኋላ መቆሚያ አጣሁ። ታናሿ ለታላቋ የሐር ልብስ ስትልክ እኔ ሰላይ አስላክኋት። ከመኳንንቱ ፊት ተንበርክካ "እህቴ ትንገሥ" ስትል እኔ "እህቴ ብትሞት ምን ይጎድላችኋል?" አስባልኋት። ታላቋ በእውነቱ ግልፍተኛና ደረቅ ሴት ነበረች፤ ድራማውን የጻፈው ሰው አልራራላትም። እኔ ራራሁላት። የተናገረችውን ክፉ ቃል ሁሉ አለሰለስኩላት፣ ያላለችውን የዋህነት ጨመርኩላት፣ አገልጋይዋን በጥፊ ስትመታ "አጥንት ሊያንቃት ነበር፣ ጀርባዋን መታ አደረገቻት" አልኩ። በጥፊው ላይ ትንሽ ተቸግሬ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቴ-ባነው፣ ባቡሩ ውስጥ ሆኜ ዛሬ ታናሿን ምን ላድርጋት እያልኩ ሳሰላስል ጣቢያዬ ያልፈኝ ነበር። ኖርዌይኛዬም በዚያ ሰሞን ተሻሻለ፤ አጣሞ ለመናገር መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ መረዳት ያስፈልጋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የጠራብኝ በአንድ ቅዳሜ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ታማ የእሷን ቫክት፣ የሥራ ተራዋን፣ ሸፍኜ ስመለስ ሁለቱ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ቴሌቪዥኑ ቆሟል። ታናሿ ልዕልት በአባቷ አልጋ ሥር ተደፍታ አፏን ከፍታ እያለቀሰች ደርቃ ቀርታለች። እናቴ ይቺ አባቷን በመርዝ የጨረሰች ሴት አሁን ምን ያስለቅሳታል ብላ ጠይቃ፣ እህቴ የትኛው መርዝ ብላ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄደው ሁሉንም አውጥተውታል። ሰላዩን፣ ተንኮሉን፣ የታላቋን ቅድስና።

ኮቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆምኩ። እህቴ ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። ወደ እናቴ ዞራ፣ "ናይ፣ አይደለም እማዬ፣ አትፍረጂባት። ጽሑፉ በጣም ይፈጥናል፤ ኖርዌይኛውም የድሮ ቤተ መንግሥት ኖርዌይኛ ነው። እኔ ራሴ እሳሳታለሁ" አለች። ቀጥላም ወደ እኔ፣ "እትዬ፣ ከፈለግሽ አብረን እናነባለን፣ ያ፣ እሺ?" አለችኝ፣ ሕፃን እንደምታባብል።

አላዋቂ ከምባል ክፉ ብባል ይሻለኝ ነበር። አውቄ ነው፣ እያንዳንዷን ቃል ተረድቼ ነው ያጣመምኩት ለማለት አፌ ድረስ መጣ። ግን ያን ብል ለምን ትለኛለች። "ያ፣ ይፈጥናል" ብዬ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ደግነቷን ጠላሁት። ከልጅነቷም እንዲህ ናት፤ ሳህን ሰብሬ "እኔ ነኝ" ብላልኝ ታውቃለች፣ እናቴም በሁለታችን ፈንታ እሷን ስማታለች።

እሷ ከሄደች በኋላ እናቴ ጉልበቷን በእጇ እያሸች፣ "ኖርዌይኛው አይደለም" አለችኝ።

ሶፋው ላይ የቀሩትን ትራሶች ማስተካከል ጀመርኩ።

"መድኃኒቱን ስታጠጣው እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ገዳይ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። እኔ ፊደሉን አላውቀውም እንጂ ፊት አነባለሁ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?"

"የት ድረስ እንደምትሄጂ ልይ ብዬ" አለች። ከዚያ ራቅ ብላ ተቀመጠችና፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። የትኛዋ ዥንጉርጉር እኔ እንደሆንኩ አልጠየቅኋትም።

ፋሲካ ሆነ፣ ፋሲካም አለፈ። በዳግም ትንሣኤ ማግስት ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ከፍታ አገኘኋት። "ጉልበቴ ነው ልጄ" አለችኝ። ጉልበቷ እንደሆነ አምናለሁ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በፍቅር ብሸነፍ፣ በዚያ ውሸት ምክንያት ቢፈረድብኝ አንድ ነገር ነው። እኔ የተሸነፍኩት በሊፍት ነው። አራቱን ፎቅ ደግፌ አወረድኋት፤ በየእርከኑ ላይ ቆም እያለች ትተነፍሳለች፤ በየእርከኑ ላይ እውነት አላት ማለት ግድ ሆነብኝ። እህቴ ታች መኪና ተውሳ ትጠብቃለች። ሻንጣውን ልታነሳ ስትመጣ አልሰጠኋትም፤ ራሴ ጫንኩት።

አሁን ከመስኮቴ ከሸለቆው ማዶ የቬስትሊ ሕንጻዎች ይታያሉ። የትኛው የእነሱ እንደሆነ ከዚህ አይለይም፤ እኔ ግን አንዱን መርጬ እሱን እያየሁ እቀናለሁ። እናቴ በሌለችበት ድራማውን ለመክፈት ሞክሬ ነበር፤ ድምፅ አውጥቼ ሳነብ ራሴን ሰማሁና አጠፋሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከሥራ ገብቼ ልብሴን ስቀይር እናቴ ደወለች።

"ጨረስነው" አለችኝ።

"እሰይ።"

"ታላቋ ነገሠች። ታናሿን ለሩቅ አገር ንጉሥ ዳሯት፤ ተመልሳም አልመጣች።"

"እንግዲያው ደግ ነው።"

"እህትሽ የተጻፈውን ነው ያነበበችልኝ" አለች። "ያንቺስ እንዴት አለቀ?"

"የእኔ ምን አለና እማዬ? የእኔ ውሸት ነው።"

"ውሸትም ቢሆን ተጀምሯል። በመርዙ ከያዟት በኋላ ምን አደረጓት?"

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አስቤበት አላውቅም ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ቅጣት አዘጋጅቼላት ነበር። አንዱንም ለእናቴ መናገር አልቻልኩም።

"ከአገር አስወጧት" አልኩ። "ብዙ ዓመት ቆየች።"

"ከዚያ?"

"ከዚያ ተመለሰች።"

"ማን አስመለሳት?"

"ታላቋ" አልኩ።

"ወዳ ነው?"

"አይ እማዬ። ሳትወድ ነው። አሁንም ስታያት ሆዷ ይቃጠላል። ግን ሰው ልካ አስመጣቻት።"

በስልኩ ውስጥ ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ከእናቴ ራቅ ካለ ቦታ ነው።

"ቀጥይ" አለች እናቴ። "ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፤ እህትሽም እየሰማች ነው።"

ልዘጋው ነበር። ያኔ የእህቴ ድምፅ መጣ፤ የሞግዚቷ ድምፅ አይደለም፣ የንጉሡም አይደለም፣ የራሷ ነው።

"እትዬ፣ ታናሿ ስትመለስ ምን አለቻት?"

"እሱን እኔ አላውቅም" አልኳት። "አንቺ ንገሪኝ።"