ለሃያ ኩንታል የተሠራ ባሌስትራ

ይህን የምጽፈው አባቴ እስከ ዛሬ የቡሬውን መካኒክ ስለሚወቅሱ ነው። መካኒኩ ጥፋት የለበትም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ይህን ለመናገር ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

አባቴ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬና ንብ አናቢ ናቸው። በዙሪያችን ያለው የበቆሎ ማሳ ጸረ አረም መረጨት ከጀመረ ወዲህ ንቦቻቸው ከቀፎው ሥር ረግፈው ይገኙ ጀመር። የቀሯቸውን ዘጠኝ ቀፎዎች ከሽንዲ ወዲያ ወዳለው የእናቴ ወገኖች መሬት ለማሻገር ቆረጡ። ሐሳባቸው የጎረቤት ጎልማሶች ተሸክመው በእግር እንዲያደርሱላቸው ነበር።

«እግር ድንጋዩን አይቶ ይረግጣል፤ መኪና ምን ዓይን አለው?» አሉኝ።

እኔ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችኝ፤ መኪናን ለረጅም የገጠር ጉዞ ስለማዘጋጀትም ብዙ አንብቤአለሁ። ባሌስትራዋ፣ ያ ከአካሏ ሥር ሆኖ ሸክሙን የሚችለው የብረት ድርብርብ፣ ተኝቷል፤ ሆዷ በየድንጋዩ ይፋቃል። ባሌስትራው ከተነሣና ንዝረት የሚያበርድ አዲስ አሞርዛተር ከገባላት መንገዱ እንደማይሰማት አስረዳኋቸው። ረጅም ንግግር ነበር። አባቴ ለተማረ ሰው ክብር ስላላቸው ተረቱልኝ።

«እሺ። ግን ንብ ሊነሣ ነው ብለህ ለማንም እንዳትተነፍስ። የተወራለት ንብ አገር አይለምድም።»

ቡሬ፣ መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር እንደተኛ ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው የምትጭን?»

«እህል።»

«ስንት ኩንታል?»

ያን ጊዜ ዘጠኝ ቀፎ፣ ቢመዘን ከሁለት ኩንታል እምብዛም የማይበልጥ ማለት ነበረብኝ። «አሥራ አምስት» አልኩ። የዋሸሁት አባቴን ለመታዘዝ ነው፤ ይህን ብነግራቸው ግን ጥፋቱን ከመካኒኩ አንሥቼ በእርሳቸው ላይ የማኖረው ይመስለኛል።

መካኒኩ ከሥር ሳቀ። «በዚህ አገር አሥራ አምስት ያለ ሃያ ይጭናል! እኔ ለሃያ ነው የምሠራልህ፤ ኋላ ተሰበረ ብለህ እንዳትመጣብኝ።»

ከአይሱዙ የወረደ ወፍራም ባሌስትራ በየጎኑ ሦስት ሦስት ጨመረላት። ከፍ ብላ ቆመች፤ ደስ አለኝ።

«ባዶዋን ከነዳሃት ግን፣ መምህር፣ ጥርስህን በእጅህ ያዝ!» አለኝ ቁልፉን ሲሰጠኝ። መምህር አይደለሁም፤ በአነጋገሬ ሲያሾፍብኝ ነው። አብረን ሳቅን። ወደ ቤት ስመለስ ድንጋይ በነካች ቁጥር ትዘል ነበር። ሲጫንባት ይለዝባል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በጉዞው ዋዜማ ማታ ንቦቹ ሲገቡ የቀፎዎቹን አፍ በሣርና በእበት ደፈንን፤ ጎህ ሲቀድ በጤፍ ጭድ ላይ ደርድረን ጫንን። አባቴ ጋቢና አልገባም ብለው ከኋላ በቀፎዎቹ መካከል ተቀመጡ። አስፋልቱ በሰላም አለፈ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ እንደያዝን የጋቢናውን ጣሪያ ይደበድቡ ጀመር።

«ቀስ በል!»

«ቀስ ብያለሁ፣ አባባ!»

«የት ቀስ አልክ? እነዚህ እኮ ይጮሃሉ!»

በአንደኛ ማርሽ ነበርኩ። ወርጄ የጎማዎቹን ነፋስ ቀነስኩ፤ ለውጥ የለም። ክብደት እንዲሆናት ድንጋይ ልጫን ብል ቦታ የለም። ለሃያ ኩንታል የተሠራ ብረት ለሁለት ኩንታል አይታጠፍም፤ የመንገዱ ምት እንዳለ ወደ ቀፎዎቹ ይወጣል። ምክንያቱን አሳምሬ አውቀው ነበር፤ ማወቄ ለምንም አልረዳኝም።

ጥቂት እንደሄድን ድብደባው ቆመ። መኪናዋን አቁሜ ዞርኩ።

«ማር ሸተተኝ» አሉ አባቴ።

ከጭዱ ሥር ይንጠባጠብ ነበር። የማሩ እንጀራ እየተናደ ንቦቹን በራሳቸው ማር ያሰምጣቸዋል። እንዳንከፍት፣ ገበያ ነውና መንገዱ በሰውና በአህያ ሞልቷል፤ የተቆጣ ንብ ይፈጃቸዋል። እንዳንቆም፣ ፀሐይዋ እየበረታች ነው። የኋላው መንገድም ከፊቱ አይሻልም።

«ንዳ እንግዲህ» አሉኝ።

ነዳሁ። ጆሯቸውን ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው እያስጠጉ ሲያዳምጡ በመስታወቱ አያቸው ነበር። ወደ አንዳንዱ ቀፎ ሁለተኛ አልተመለሱም።

ደርሰን አፎቹን በየተራ ከፈትን።

የተጫነው ዘጠኝ ቀፎ። ንብ የወጣው ከሁለቱ። የጠፋው ሰባት።