ያለቀለት ዕቃ

ጫማ ሰሪው በአንዲት ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ቆዳ ሲወጥርና ሲሰፋ ጀርባው ጎብጧል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰው ተቀጣሪ ሳይሆን የራሱን በር እየከፈተና እየዘጋ ማርጀት። የውጭ ጫማ ይህቺንም ሊነፍገው መጣ። እንደ ጉድ ይገባል፣ እንደ ጉድ ይረክሳል፤ ደንበኛውም ዓይኑ እያየ ወደዚያው ይነጉዳል።

የጫማ ሰሪዎች ማኅበር አቤቱታ ይጻፍ ሲል ብዕር የጨበጠው እሱ ነው። «የውጭ ጫማ አይግባ» ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት! ቃሉ ቀለለበት። የባለሥልጣን ጆሮ ይሙላ ብሎ «ጫማ ነክ የሆነ ያለቀለት ዕቃ ሁሉ እንዳይገባ ይከልከልልን» ሲል አሳመረው። አባላቱ አጨበጨቡ። ሚስቱም ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ተከለከለ። ሥራ ጎረፈና ሁለት ወር ሙሉ ቀና የሚልበት ጊዜ አጣ። ከዚያ ሶል ጠፋ። ሶል ደግሞ ድሮም የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ እዚህ የሚያመርተው የለም።

ጉምሩክ ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰለፈ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን ገለጠች።

«ሶል ያለቀለት ዕቃ ነው አባባ። ተቀርጾ፣ ቁጥር ወጥቶለት ነው የሚመጣው።»

«እንዴ ልጄ! ሰው ሶል ብቻውን እግሩ ላይ ያደርጋል?»

«እኔ ምን ላድርግ? ‹ጫማ ነክ ያለቀለት ዕቃ ሁሉ› ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ» አለችና የገዛ እጅ ጽሑፉን አሳየችው።

«ያለቀልኝስ እኔ ነኝ» አለ። ልጅቷ ሳቀች፤ እሱ ግን የቀልዱን አልነበረም።

«ማስተካከያ ይጻፉና የማኅበሩ ሊቀመንበር ይፈርሙበት» ብላ ሸኘችው።

ሊቀመንበሩ ራሱም ጫማ ሰሪ ነው። ክልከላው ገና ሲሸተው መጋዘኑን እስከ ጣሪያው በሶል የሞላ ብልጥ! ማስተካከያውን አነበበና ሳይፈርም መለሰለት።

«ስንት ለምነን ያስዘጋነውን በር እንደገና ክፈቱልን ልንል ነው? ትዝብት ነው ወንድሜ።»

«ታዲያ እኔ በምን ልሥራ?»

«ና እኔ ጋ ሥራ። እጅህ ወርቅ ነው፤ የወር ደመወዝ እቆርጥልሃለሁ።»

ጫማ ሰሪው ሊቆጣ ፈለገ፤ የሚቆጣበት አቅም አጣ። ደክሞታል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ከመቼ ጀምሮ ልምጣ?» አለ።