ዲስክ የማይገባበት ማሽን

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ተፎካካሪያችን ራሱ በራችንን አንኳኳ።

ሙሉቀን ይባላል። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ጌም ቤት አለው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ አንዱ ጆይስቲክ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ቤቱ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ጩኸታቸው እኛ ድረስ ይሰማል።

የእኛ ቤት ጸጥ ያለ ነው።

ልጄ ሰናይት ተመርቃ ሥራ አጥታ ብዙ ተቀመጠች። በመጨረሻ አባቷ ልብስ ይሰፋበት በነበረው ክፍል ጌም ቤት ልክፈት አለችኝ። የልብስ ስፌት መኪናውን ሸጥን፣ በጎች ጨመርንበት፣ ገንዘቡን ይዛ ባሕር ዳር ሄደች። ከሱቁ ደወለችልኝ።

«እማ፣ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ዲስክ ይገባበታል፣ አንዱ አይገባበትም። የማይገባበት በአንድ ጠቦት ዋጋ ይረክሳል።»

«ሌላ ልዩነት የለውም?»

«አንድ ነው ይላል ሰውዬው።»

«አንድ ከሆነማ ርካሹን ውሰጂ» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኳት።

ማሽኑ አዲስ ነበር፣ ያምራል። ሻጩ አንድ የመኪና ውድድር ጭኖበታል። ልጆቹ የመጀመሪያ ሰሞን ተሰለፉ፤ ከዚያ «ኳስ የለም?» ማለት ጀመሩ። ኳሱ የሚገዛው በኢንተርኔት ነው። የእኛ ዳታ ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል። ቢመጣም ክፍያው በውጭ አገር ካርድ ነው። ሙሉቀን ግን ዲስክ ከጓደኛው ይዋሳል፣ ይለዋወጣል፣ አሮጌ ይገዛል። ከእሱ ጋር በምን እንወዳደር?

ሰናይት ዝም አለች። ዝምታዋ ወዴት እንደሚሄድ ያወቅኩት፣ ከደላላ ጋር በስልክ ስታወራ ስሰማት ነው። አረብ አገር ልትሄድ ነው።

ሙሉቀን የመጣው ይህን ሰምቶ ኖሯል። ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ማሽኑን ልግዛችሁ ብዬ ነው። በግማሽ ዋጋ። እዚህ አገር ያው... አይሠራም።»

ሰናይት ከእኔ በፊት «ይሁን» አለች። ለጉዞዋ የጎደላት ያ ገንዘብ ነበር።

እኔ ብዙ አልናገርም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሰው ይልቅ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሳነብ ነው የምውለው፤ ፊደልም የለየሁት ሰናይት ስታጠና ከጎኗ ተቀምጬ ነው። ግን ይህ አላስችል አለኝ።

«ሙሉቀን፣ እዚህ አገር የማይሠራውን አንተ ምን ታደርገዋለህ?»

አንገቱን አቀረቀረ። ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው የስፌት መኪናው የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ነው።

«የትምህርት ቤት ልብሴን ጋሼ ናቸው እዚህ የሰፉልኝ። ሱሪው ሲያጥረኝ እንኳ በነጻ ያስረዝሙልኝ ነበር» አለ። «እዚህ ቤት ተቀምጦ መዋሸት ይከብዳል፣ እትዬ።»

ከዚያ አስረዳን። ማሽኑን የሚሠሩት ሰዎች በርካሽ የሚሸጡት ጨዋታውን ሁልጊዜ ከእነሱ እንድትገዢ ነው አላት፤ ትርፋቸው እዚያ ላይ ነው። ግን ጨዋታው አንዴ ከተጫነና ማሽኑ በስምሽ ከተመዘገበ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ባሕር ዳር ካርድ ያለው፣ በብር ተቀብሎ የሚጭን የአክስቱ ልጅ አለ። ማሽኑን ተሸክሞ መሄድ ብቻ ነው።

«አሁን ነግሬያችሁ ደንበኞቼን በሙሉ ወደ እናንተ አሻገርኩ ማለት ነው» አለ እየሳቀ።

«ተሸናፊ ይከፍላል» አለችው ሰናይት። ስትቀልድ ከሰማኋት ቆይቷል።

«ቆይ፣ ገና መቼ ተጫወትን!»

ሲወጣ ሰናይት ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ። «እማ፣ የጨዋታው ዋጋ አለ፣ መሳፈሪያ አለ... ስንት ሊጨመርበት ነው? ይቅር፣ እንሽጠው።»

ያቺን «ይቅር» አውቃታለሁ።

አባቷ ሲታመም ሐኪሙ ባሕር ዳር ይሂድ ብሎ ነበር። የታማሚና የአስታማሚ መሳፈሪያ፣ ማደሪያ፣ መድኃኒት... ደምሬ ፈራሁ። እዚሁ ክሊኒክ መርፌውን ይወጋ፣ እሱ ይረክሳል፤ ገብሱ ተወቅቶ ሲሸጥ እንሄዳለን አልኩ። ባሌ እሺ አለ። እሱ ለእኔ እሺ ማለት ይቀናው ነበር።

ገብሱ ሳይወቃ ቀበርነው።

«አይሸጥም» አልኳት። «የቀሩትን በጎች እሸጣለሁ፣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። አንቺ ለደላላው ትንሽ ይቆየኝ በይው።»

ብዙ አየችኝ። «እሺ፣ እስክትመለሺ» አለች።

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል፣ ዛሬ ጠዋት ማሽኑን ከነካርቶኑ በነጠላ ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እኔ ጋ ደረሰ።

«እማማ፣ ይሄን ከላይ እንጫነው።»

«ይሰበራል ልጄ። ከጎኔ ይሁን።»

«እንግዲያው የሰው ወንበር ይዟል፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ። ምን ቢሆን ነው እንዲህ የታቀፉት?»

«ታማሚ ነው» አልኩት። «ባሕር ዳር ይታከም ተብሎ።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ረዳቱም ሳቀ። እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ይህን የምጽፈው የሙሉቀን የአክስት ልጅ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ኳሱ እየተጫነ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። ሰናይት እየደጋገመች ትደውላለች፣ «እማ፣ ደረሰ?» ትላለች። ስለ ደላላው ዛሬ አላነሳችም።

ረዳቱ ቅናሽ እንድጠይቀው ጠብቆ ነበር መሰለኝ። አልጠየቅኩትም... ያኔ ለባሌ በዝቶብኝ የተውኩት ይኸው የሁለት ሰው ሒሳብ ነበር።