ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ

ጆሮ የምንላት የቴሌቪዥን ጣቢያችን የድምፅ ባለሙያ ናት። ስም አጥታ አይደለም፤ ማዳመጫዋን ካጠለቀች የእንግዳን ሆድ ጩኸት ሳይቀር ስለምትሰማ ነው። የእኔ ሥራ እንግዶችን መኳኳል ነው። አንድ ቀን ኩል ልኳልሽ ብላት፣ «ለማን ብዬ? እኔን ማን ያየኛል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ያን ቀን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበራትም። እንግዳው አገር ያበደለት ተዋናይ ነበር። መኪናው መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገድሏል። «ሾፌሩ ነው» ተባለና ሾፌሩ ታሰረ። ሾፌሩ የጆሮ ታናሽ ወንድም ነው። እስር ቤት ልትጠይቀው ስትሄድ በሽቦው በኩል፣ «መሪውን የያዘው እሱ ነበር፤ እኔ ጎኑ ነበርኩ። ቶሎ አስፈታሃለሁ ሲለኝ አምኜው ነው ጥፋቱን የወሰድኩለት» ብሏታል። ይህን በመሥሪያ ቤቱ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሰው ተዋናዩ ስለ መጠጥ ሱሱ ሊናዘዝ የመጣ መስሎታል፤ ጠያቂው ግን ነገሩ ሸቶታል።

«ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ይተካሽ» አልኳት።

«ሞቼ ነው! ያቺን ቃል ከተናገራት የምቀዳት እኔ ነኝ።»

የኛ ጠያቂ፣ እግዜር ይይለትና፣ አያያዙ ያስፈራል። አይጮህም፣ አያፋጥጥም። «እርስዎ» እያለ ይጀምራል፤ ስለ ልጅነት፣ ስለ እናት ያወራል። ቀስ ብሎ «አንተ» ላይ ሲደርስ እንግዳው ወዳጅ ያገኘ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ አጭር ጥያቄ ይጥልና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ዝም ይላል። እስክሪብቶው ከተቀመጠ በኋላ ከካሜራው በቀር ማንም ንቅንቅ አይልም። ሰው እንዲያ ዝም ተባብሎ ከሚፋጠጥ የገዛ ገመናውን ይዘረግፋል። ስንቱን እንዲህ ሲያስለቅስ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን አልወደድኩለትም። ያን ቀን ግን እንዲሳካለት ለመንኩ።

ተዋናዩን ሳዘጋጀው ግንባሩ በላብ ርሶ ዱቄቱን አልይዝ አለኝ። ጆሮ ማይኩን ሸሚዙ ላይ አደረገችለት። «አመሰግናለሁ፣ እህቴ» አላት። የማን እህት እንደሆነች አያውቅም።

ቀረጻው ተጀመረ። ተዋናዩ መጠጡን ተናዘዘ፣ አለቀሰ፣ አፍንጫውን ጠረገ። ሁሉም ነገር ያለቀ ሲመስለው ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ያን ቀን መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ?» አለው።

እስክሪብቶው ተቀመጠ።

የተዋናዩ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ጠያቂው ያያል፣ ጠያቂውም ያየዋል። እጁ ወደ ደረቱ ሄደና ሸሚዙን ጨመደደ፣ ማይኩንም አብሮ። ከንፈሩ ተላቀቀ።

«እኔ…»

በዚያች ቅጽበት ጆሮ ከወንበሯ ተነሳች። ኧረ ተይ፣ ተይ እባክሽ! ብዬ ልጮህ ነበር፤ ግን እየተቀረጸ ነው። ለድምፅ ሰው የተንኮሻኮሸ ቃል ያልተባለ ቃል ነው። ያቺን ቃል ደግሞ ነገ ፍርድ ቤት ማንም «አልተሰማም» እንዳይላት ጥርት ብላ እንድትቀዳ ፈለገች። ጎንበስ ብላ ገባች፣ እጁን ከደረቱ ላይ አነሳች፣ ማይኩን አቃናች፣ ወጣች።

ተዋናዩ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ዙሪያውን አየ። ካሜራዎቹን አየ፣ መብራቱን አየ፣ እኛን አየን። ውሃ ጠጣና ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«እኔ ጥፋቴ ሾፌሬን ማመኔ ነው» አለ። «የነዳው እሱ ነው።»

ጠያቂው ጆሮን በዓይኑ በላት፤ እስክሪብቶውንም አነሳ። እሷ ማዳመጫዋን አላወለቀችም። ፊቷ ክው እንዳለ እያንዳንዷን ውሸት ከነትንፋሿ ቀዳች። ድምፁ እንከን አልነበረውም።

ፕሮግራሙ በተላለፈ ቀን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ቤቷ ሄድኩ። ጆሮ የገባችባት ቦታ ተቆርጣ ወጥታለች፤ ከጥያቄው ቀጥሎ መልሱ ይመጣል። እናቷ እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። አላለቀሱም። ቴሌቪዥኑን አጠፉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺ እዚያው ነበርሽ አይደል፣ ልጄ?»

«ነበርኩ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምነው ዝም ብለሽ አየሽው?»