ሳልፈርም ያስረጨሁት ቤት

ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ የመጀመሪያ ቤቴን ልገዛ ስል ያልመረመርኩት ነገር አልነበረም። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ለካሁ፣ ካርታውንም በጠበቃ አስመረመርኩ። የቀረኝ የእናቴ ማሳሰቢያ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ጠበል ሳይረጭ እንዳትገባ» ትለኛለች። ቤቱ ውስጥ መጥፎ ነገር ካለ ከመፈረሜ በፊት ቢወጣ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ሻጯ እትዬ አልማዝ ኢስትሊ ገበያ ውስጥ ልብስ ይነግዳሉ። ቤቱን የሚሸጡት ከገቡበት ጀምሮ እንቅልፍ ስለነሳቸው መሆኑን አልደበቁኝም። ቄስ ይዤ ስመጣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሉን። ቄሱ እየጸለዩ ሲረጩ እኔ ቀድሜ በሮቹን እከፍታለሁ፤ ምንም እንዳይቀር ብዬ ቁም ሳጥኑንም ከፈትኩላቸው። ልንወጣ ስንል እትዬ አልማዝ «አባታችን፣ መኝታ ቤቱን እባክዎ ይድገሙት» አሉ። ለእኔ ያሰቡ መስሎኝ አመሰገንኳቸው።

በማግስቱ ጠበቃው ቢሮ ለፊርማ ስጠብቃቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ገና አሁን መንቃቴ ነው። እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።»

«እሰይ። ታዲያ ስንት ሰዓት ይደርሳሉ?»

«የት?»

«ለፊርማው።»

«እንዴ፣ እንዲህ የሚያስተኛ ቤት ይሸጣል?» አሉ። «ለዋልክልኝ ውለታ እግዜር ይስጥህ። የሚቀጥለውን ግን ከፈረምክ በኋላ አስረጭ።»