በርበሬ እየታመሰ ነው

ሥራ የጀመርኩት አምቦ ነው፤ በ2007 ዓ.ም.፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት የሴቶች ፀጉር ቤት። ባለቤቷን እትዬ አስካለ እንላቸዋለን። የመጀመሪያ ቀን እጄን ገልብጠው አዩና «ጥፍርሽን ቁረጪ፤ የሰው ራስ ድንች አይደለም» አሉኝ። እዚያው በር ላይ ቆሜ ቆረጥኩ። ካደግኩባት እንጭኒ ቁርስ ሳልበላ ነበር የመጣሁት፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ነጭ ጋዋን ሲሰጡኝ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ።

ፀጉር ቤት ውስጥ ማዕረግ አለ። ጀማሪ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታሰጣለች። ስትለምድ ፀጉር በቢጎዲን ትጠቀልላለች። ከዚያ ደንበኛ ካስክ ታስገባለች፤ ካስክ ማለት ራስ ላይ የሚደፋው ትልቁ ማድረቂያ ነው። የፀጉር መተኮሻውን፣ ፔስትራ፣ የምትይዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፀጉር ካቃጠለች ወደ መጥረጊያዋ ትመለሳለች። እኔ ሹሩባ መሥራት ከሰፈር ተምሬ ስለመጣሁ ቶሎ ከፍ አልኩ። ከእኔ በፊት የገቡት ልጆች ለብዙ ጊዜ አኮረፉኝ።

መጀመሪያ ያጠብኩላት ደንበኛ አንዲት ነጋዴ ነበረች። አረፋውን ሳሽ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ጣቴ ጎርበጥ ያለ ጠባሳ ነካ። «ምን ሆነሽ ነው?» ልል ስል እትዬ አስካለ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ፣ «ያየሽውን ጠባሳ አትጠይቂ። ብትጠይቂም 'ወድቄ ነው' ነው የምትልሽ። ፀጉሩን ከላይ አምጥተሽ ትሸፍኚላታለሽ፤ ሥራችን እሱ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እየደፈርኩ የጠየቅኳቸው ሁሉ ወድቄ ነው አሉ። ከደረጃ የወደቀች፣ ከበቅሎ የወደቀች፣ ከአልጋ የወደቀች። የምዕራብ ሸዋ ሴት ሁሉ ልጅነቷን በመውደቅ የጨረሰች ይመስል ነበር። እኔም ከግራ ጆሮዬ በላይ ጠባሳ አለኝ፤ እናቴ በማማሰያ መትታኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ወድቄ ነው እላለሁ። የራሴ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ የእነሱን ግን አምን ነበር። ሞኝነቴ ይግረማችሁ።

አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ እንጭኒ ገበያ እህል እየነገደች። ሥራ ወዳድ ናት፣ ጎረቤት የሚያከብራት። ሳጠፋ ግን ፍም ላይ በርበሬ በትና፣ ነጠላ ደርባብኝ፣ ጭሱ ላይ ትደፋኛለች። ሳሌ ሲበረታ ከአጥር ወዲያ «ምነው፣ ደህና ናችሁ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። እናቴ ረጋ ብላ «በርበሬ እያመስኩ ነው» ትላለች። ጎረቤትም እሺ ብሎ ይገባል።

ከጎረቤት በርበሬ ሲሸተኝ ደግሞ እኔ እቀና ነበር። የእነሱ እናት እውነትም በርበሬ እያመሰች ነው፣ ጥሩ ወጥ ሊበሉ ነው እል ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በዓለም ላይ ያለው እኛ ቤት ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ይህ ነገር ትልቅ ሰው ሆኜም አልለቀቀኝም። ገመቹ የሚባል ጊንጪ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር እህቱን ሊያሠራ መጣ። እህቱ ተሠርታ ሄደች፤ እሱ መመላለሱን አልተወም። እትዬ አስካለ «ይሄ ልጅ ሹሩባ ሊሠራ ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉብን ነበር። ወደድኩት። ሽማግሌ ልላክ ሲል ግን ከለከልኩት። እንደኛ ካለ ቤት የወጣች ሴት ልጅ ብትወልድ ምን ታደርገዋለች? ይህንን ነበር የምፈራው፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

አንድ ቀን ታኅሣሥ ላይ፣ «ቶለሺ፣ ጥር ሳይወጣ መልስሽን ንገሪኝ። እንቢ ከሆነም ልወቀውና ይውጣልኝ» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። ደክሞት ነበር።

ጥር እንደገባ አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ በሚዜና በሠርግ እንግዳ ጢም አለ። ሲስተር አበቡ የምንላት የጤና ጣቢያ ነርስ ካስክ ውስጥ ናት። ጓደኛዋ ሰናይት አጠገቧ ተራ ትጠብቃለች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ማሽኑ ጆሮው ላይ ስለሚጮህበት የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ያንሾካሾከ መስሎት ለሰፈር ያውጃል። ስንቱን የባልና የአማት ጉድ በዚያ ሰምተናል፤ ሰምተንም እንዳልሰማን እናበጥራለን።

ሰናይት ልጇ ከትምህርት ቤት እየጠፋ ማስቸገሩን ታወራ ነበር። «ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ» አለች። ሲስተር አበቡ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል አለችና፣ ቤቱን በሞላ ድምፅ፣ «ብቻ እንደ ሀርሜ፣ እንደ እናቴ፣ በርበሬ እንዳታጥኚው። እኔን እያጠነች ለጎረቤት 'በርበሬ እያመስኩ ነው' ነበር የምትለው» አለች።

የያዝኩት ሹሩባ ከእጄ ተፈታ። የእናቴ ቃል ነው፤ አንድም ሳይጨመር፣ አንድም ሳይቀነስ።

«እኛም ቤት እንደዚያው ነበር የሚባለው» አለች ቢጎዲን የተጠቀለለላት አንዲት የባንክ ሠራተኛ። ቀጥላ አንዲት ሚዜ፣ «የእኛ ቤት በበርበሬ አይደለም፣ በሳማ ነበር» አለች። ሰናይት ዞር ዞር ብላ አየችንና፣ «አገሩ ሙሉ በርበሬ እየታመሰ ድልህ የሚጠፋው ለካ ለዚህ ነው» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ አስካለ ካስኩን አጠፉት። «ሲስተር፣ ሁላችንም ሰምተናል» አሏት። ሲስተር አበቡ «ያ ዋቃ፣ አምላኬ» ብላ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። እትዬ አስካለ ግን እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸው ላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ አሳዩዋት። «አይዞሽ። ይሄ የአባቴ ጠፍር ነው። ፀጉር የሌለው ቦታ ሆኖብኝ መሸፈኛ አጣሁለት እንጂ ከናንተው ነኝ» አሉ። እዚያ ቤት ስሠራ ስለራሳቸው ሲያወሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እኔንም እናቴ ታጥነኝ ነበር» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የማንም ፊት ላይ ግን መደንገጥ አልነበረም። የሰው መከራ ሰምቼ መደሰቴን አልደብቅም፤ ያን ቀን እንደተደሰትኩት በሠርጌም አልተደሰትኩም። እኛ ቤት ብቻ አይደለም። የጎረቤቶቻችን በርበሬም ወጥ አልነበረም። ያቺ ከአጥር ወዲያ ሆና ትጠይቅ የነበረችው ሴትዮ እሺ ብላ የምትገባው ነገሩ ስለገባት ነበር።

ሥራው ተበላሸ። አንዷ ከካስክ ሳትወጣ ቆይታ ፀጉሯ ድርቆሽ ሆነ፣ የሌላዋ ቀለም ከሚገባው በላይ ጠቆረ። ማንም ግን አልተቆጣም። ወሬው አንዴ ያስቃል፣ አንዴ ያስለቅሳል። መጨረሻ ላይ ሰናይት፣ «እንግዲህ ልጄን በምን ልቅጣው? የማውቀውን ሁሉ ዛሬ አስጣላችሁኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ? ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቅ ጀመር። መጀመሪያ ስለራሴ እናገራለሁ፤ ያኔ ወድቄ ነው የሚል ሰው ይጠፋል። የኦርቶዶክሱም ቤት፣ የጴንጤውም ቤት፣ የሀብታሙም፣ የድሃውም። እትዬ አስካለ «አንቺ ልጅ፣ ፀጉር ቤቴን የእርቅ ሸንጎ አደረግሽው» አሉኝ። አልከለከሉኝም ግን። ብዙ ሲሆን ግን ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ቤቱ ሁሉ እንዲህ ከሆነ ሌላ መንገድ የለም ማለት ነው?

ጥር ሊያልቅ ሲል ሙሽራ ልንሠራ ወደ ሐሮ ወንጪ፣ ወደ ወንጪ ሐይቅ፣ ሄድን። ከሚዜዎቹ አንዷ ሌንሳ ትባላለች። ሹሩባዋን እየፈታሁ እንደ ልማዴ ጠየቅኳት። «እኛ ቤት አይመታም ነበር» አለችኝ።

አላመንኳትም። «ዱጉማ? እውነት? ስታጠፊስ ምን ይሉሻል?»

«አባቴ ሐይቁ ላይ ሰው ያሻግር ነበር። ሳጠፋ ጀልባው ላይ ያስቀምጠኝና መሃል ድረስ ይቀዝፋል። አይቆጣም፣ አያወራም። ያደረግሁትን እኔው ራሴ እስክናገር ይጠብቃል። ስናገር ወደ ዳር ይመልሰኛል» አለች።

«አትፈሪም ነበር?»

«አባቴን? ለምን እፈራዋለሁ? አንዳንዴ ጀልባ ሲያምረኝ ሳላጠፋም አጥፍቻለሁ እለው ነበር» ብላ ሳቀች።

ይህችን ልጅ ስሜ ልሞት ምንም አልቀረኝም። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ጠባሳ የሌለበት ራስ በእጄ ይዣለሁ። እንዴት እንደሚደረግም ነገረችኝ። ጀልባ ባይኖረኝም ዝም ብሎ መጠበቅ አያቅተኝም።

ከወንጪ በተመለስኩ ማግስት ጊንጪ ወረድኩ። ገመቹን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። አንዲት ሻይ ቤት ገባንና ገና ሳንቀመጥ፣ «እናንተ ቤት በምን ነበር የምትቀጡት?» አልኩት።

«ይሄ ነው መልስሽ?» አለኝ።

«መጀመሪያ መልስልኝ።»

አባቱ ከበሬው ማሰሪያ ጋር እንዴት እንዳሰሩት እየሳቀ ጀመረልኝ። ዝናብ እንደጣለ፣ በሬው እንደላሰው ሲነግረኝ እኔም ሳቅሁ። ታናሽ ወንድሙ ሊፈታው ሲመጣ እሱም እንደታሰረ ሲናገር ግን ሳቁ ቆመ። ሻዩን ተወው። እኔም የእኔን ነገርኩት፤ ጠባሳውንም አስነካሁት። ሽማግሌ እንዳይልክ ለምን እንደከለከልኩትም ተናገርኩ።

«ይሄ ነበር ያስፈራሽ? እኔ እኮ አትወደኝም ብዬ ነበር» አለኝ።

«ልጅ ብንወልድ ማንም አይታሰርም፣ ማንም አይታጠንም። በዚህ ከተስማማህ ላክ» አልኩት። በሳምንቱ ላከ።

ለሠርጉ የእናቴን ፀጉር የምሠራው እኔ ነበርኩ። ዕድሜዋን ሙሉ ሻሿን ሰው ፊት ፈትታ አታውቅም። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ውሃውን ለብ አድርጌ ማጠብ ጀመርኩ። ከሽበቷ ስር አናቷ ላይ ጣቴ ጠባሳ ውስጥ ገባ። አንድ አልነበረም። እጄን አቆምኩ።

«ማን ነው?» አልኳት።

ውሃው ይወርዳል። «አያትሽ ናት፤ በዘነዘና» አለች። ደግሞም፣ «እኔ አንቺን ስቀጣሽ እኮ አሳንሼልሽ ነበር» አለችኝ።

ተናደድኩ። አሳዘነችኝም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። እውነቷን ነው የምትናገረው፤ ለእሷ በርበሬና ማማሰያ ማሳነስ ነበር። ይህንን እያወቅሁ ዝም ልላት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ አሞኝ ነበር እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔንም አሞኝ ነበር።» ይቅር በይኝም አላለችኝም። ፀጉሯን አለቅልቄ፣ አድርቄ፣ እንደምትወደው ወደ ኋላ አስይዤ ሠራሁላት። በመስታወት አይታው «ጥሩ ነው» አለች።

ዛሬ የራሴ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሠራተኞችም አሉኝ። ለእነሱ የምነግራቸው አጭር ነው። እኛ ቤት ብቻ ነው ብላችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ ተናገሩት፤ በብዙ ቤት አለ። በብዙ ቤት መኖሩ ግን ልክ አያደርገውም። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ቀለም ትደፋለች፣ መቀስ ትደብቃለች፣ ደንበኛ ፊት ታዋርደኛለች። እጄ የተነሳበት ቀን አለ፤ አላረፈባትም። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል።