የማርያም ሁለተኛ ምስክርነት

በጋሞ ምድር፣ ሲቀላ ገበያ ዝንጅብል የፈለገ ሰው ብዙ አይንከራተትም። ከመናኸሪያው ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ከሽንኩርት ተራው ጫፍ፣ ድንጋይ በሞላ ባልዲ ውስጥ ዣንጥላዋን ተክላ የተቀመጠች ሴት ካየ፣ እሷ ማርያም ናት። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና የደረቀ የሺፈራው ቅጠል ትሸጣለች። ስትመዝን ታንጎራጉራለች፤ ሲከራከሯትም ታንጎራጉራለች፤ ከተናደደች ግን ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ዋጋ መቀነስ ቀርቶ ቀና ብላም አታይ።

ስሟን የሚሰሙ የሰሜን ሰዎች በእመቤታችን የተጠራች ይመስላቸዋል። የለም! አባቷ ጴንጤ ነበሩ፤ ስሙን ያወጡላት ለሙሴ እህት፣ ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ ይዛ ሴቱን ሁሉ ላስዘመረችው ለዚያችኛዋ ማርያም ነው። አላሳፈረቻቸውም። አድጋ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወስደው ዳገት ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አውጪ ሆነች። በጋሞ አዘማመር አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ አውጪው ከደከመ መዝሙሩም አብሮ ይደክማል። እሷ ስታወጣ ግን መብራት ሄዶ ማይክራፎኑ ቢዘጋ እንኳ በር ላይ የቆመው ሰው አይታወቀውም ነበር። ከበሮውን የሚመታላት ኦይታ ነው፤ አባያ ሐይቅ ዳር የሙዝ እርሻ ያለው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው ስላገለገሉ በዓይን ብቻ ይግባባሉ።

ኮሮና የገባ ሰሞን ከተማው ሁሉ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ካላፈላሁ ሲል፣ የማርያም መደብ ገና ሳይረፍድ ባዶ ይሆን ነበር። «ይሄ በሽታ ለእኔ ገበያ ሊያደራልኝ ነው እንዴ የመጣው?» እያለች ትቀልድ ነበር። አይ አፍ! በተከታዩ ዓመት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ እሷኑ ዘርግቶ ጣላት። ዝንጅብሉም አልፈየደ፣ ሽንኩርቱም አልፈየደ። ሆስፒታል ገብታ በኦክስጅን ሰነበተች። ልጇ አቢጋኤል ከግቢው በር ላይ አልነቃነቅ አለች፤ ምእመኑ ጾመ፣ ጸለየ። ኦይታም በዚያው ሰሞን በዚያው በሽታ እቤቱ መተኛቱ ተሰማ።

ተረፈች። ከስታ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ወጣች። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ነው።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ከስብከቱ በፊት የምስክርነት ሰዓት አለ። እግዚአብሔር አንድ ነገር ያደረገለት ሰው ተነስቶ ይናገራል። ታሞ የተነሳ እንደሆነ ደግሞ «ተሽሎኛል» አይልም፤ «ፈጽሞ ድኛለሁ» ነው የሚባለው። «ተሽሎኛል» ማለት በእግዚአብሔር ሥራ ላይ ዋጋ እንደ መቀነስ ይቆጠራል። ማርያም ወደ መድረኩ ስትጠጋ፣ ወንጌላዊ አጵሎስ፣ ያ በልጅነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረችው፣ «እህታችን ሞታ ነበር፣ ተነሳች!» ብሎ ጮኸ። የመድረኩን ጫፍ ይዛ ቆመች። ሕዝቡን አየች። ያ ሁሉ ሰው ስለ እሷ ጾሟል፤ በየትኛው አፏ «ትንሽ ይቀረኛል» ትበለው? «ጌታ ፈጽሞ ፈውሶኛል! አንድም የቀረብኝ የለም!» አለች። እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያ ቃል ሳይውል ሳያድር ሩቅ ያለው የካምባ ከተማ ድረስ ደረሰ።

እሷ ግን አልዳነችም ነበር።

ድሮ ጆንያ አዝላ የምትወጣውን ዳገት አሁን ባዶ እጇን ደጋግማ ትቆምበታለች። ጠዋት ፊቷን ትታጠብና ደክሟት ተመልሳ ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ በነጭ ሽንኩርት መሐል ተቀምጣ አፍንጫዋ ምንም አይላትም፤ አንድ ቀን ወጥ ሲያርርባት የነገረቻት ከአጥር ወዲያ ያለች ጎረቤት ናት። ዝንጅብል ስጪኝ ያላትን ደንበኛ ሺፈራው ትመዝንለታለች። እሑድ እሑድ ደግሞ አዲስ ዘዴ አበጀች። በባጃጅ ትመጣና ከማዕዘኑ ሳትደርስ ትወርዳለች፤ ጥቂት ትንፋሿን ሰብስባ፣ በእግሯ እንደ መጣች ሰው ከበሩ ብቅ ትላለች። መዝሙሩንም ለወጣቶቹ ለቀቀች። «እነሱም ይልመዱ እንጂ» አለች። ሰው ሁሉ ትሕትናዋን አደነቀ። ወይ ትሕትና!

የቤቷን ነገር የምታውቀው አቢጋኤል ብቻ ነበረች፤ እሷንም ዝም አሰኘቻት። አንዲት ሴት ግን አልተሸወዱም። ሲስተር ጸዳለ ከጎጃም መጥተው ዕድሜያቸውን በነርስነት እዚሁ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ነጭ ሽንኩርታቸውን ከማርያም ሌላ ከማንም አይገዙም።

«ማንጎራጎርሽን ተውሽ» አሏት አንድ ቀን፣ ዣንጥላው ሥር ተጎንብሰው። «ትንፋሽ አጥሮሻል አይደል?»

«ኧረ እኔ ድኛለሁ፣ ሲስተር።»

«ድነሻል፤ እኔም ወይዘሪት ነኝ! ስሚኝ፣ ይሄ በሽታ ሲሄድ ጓዙን ጥሎ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው ላይ አይተነዋል። ሳንባሽን ይዩት፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሥራሽንም እየቆራረጥሽ ሥሪ፤ ሳይደክምሽ ዕረፊ እንጂ ከደከመሽ በኋላ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

እውነታቸውን እንደሆነ ልቧ ያውቀዋል። ግን ጤና ጣቢያው በር ላይ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቢያያትስ? «ፈጽሞ ድኛለሁ» ያለች ሴት ሐኪም ቤት ምን ትሠራለች? ሳትሄድ ቀረች። ከሕመሙ ይልቅ የገዛ ቃሏን ፈራች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። ኦይታ ግን ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ሰው «ሙዙን ውኃ እያጠጣ ይሆናል» ሲል እሷም ይህንኑ አመነች፤ ማመን ደስ የሚል ነገር ሲሆን ማን ይመረምራል? አንድ ቅዳሜ የኦይታ ሚስት ዝንጅብል ልትገዛ መጥታ ገና ሰላም ስትላት ዕንባዋ መጣ።

«እሱ እኮ አልተነሳም፣ እትዬ። የአንቺን ምስክርነት ከሰማ ወዲህ ብሶበታል። የደም ግፊት ክኒኑንም ትቶታል። ‹ማርያም በእምነት ዳነች፤ እኔ ክኒን እየዋጥኩ ነው ያልዳንኩት› ይላል።»

ማርያም የያዘችውን ዝንጅብል መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ መደቧን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ከኦይታ ሚስት ጋር ተነሳች።

ባጃጁ አስፋልቱ ካለቀበት አወረዳቸውና ወደ አባያ የሚወስደውን አባጣ ጎርባጣ መንገድ በእግራቸው ያዙት። እያረፈች፣ እየተነሳች ደረሰች። ኦይታ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ከበሮው ከበላዩ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል።

«ምነው ኦይታ፣ እኛን ለማን ጥለህ ነው?»

«አንቺማ ድነሽ የለ» አለ፣ ቀና ሳይል። «አምላኩ አንድ፣ በሽታው አንድ፣ ጸሎቱ አንድ። አንቺ ዳንሽ። እኔ የሙዝ ዘለላ ይዤ መንገድ አልደርስም። ጉድለቱ እኔው ጋ ነው።»

የድሮ የጋሞ አባቶች ጎሜ የሚሉት ነገር ነበር፤ ሰው ወሰን ከገፋ፣ መሐላ ካፈረሰ፣ በደሉ በሽታ ሆኖ ይመጣበታል፤ ተናዝዞ ካልታረቀም አይለቀውም። ኦይታ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ይህን ሁሉ ትቶ ነበር። አሁን ግን፣ ያልዳንኩበት በደል አለ ብሎ፣ በጓሮ በር ተመልሶ ገብቶበታል። በደሉን ፍለጋ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ሲጠይቅ ከርሟል። ልጅ ሆኖ ከሰው ጓሮ የቆረጠውን ሙዝ ሳይቀር ለባለቤቱ ነገረው።

«እሱስ ምን አለህ?»

«‹ሌባው አንተ ነበርክ? አባቴ የገረፈኝ እኔን እኮ ነው!› ብሎ በዱላ ሊለኝ ተነሳ።»

ማርያም ሳቀች። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። ትንፋሿ ተቆረጠና ሳል ሆነ፤ ሳሉም አላቆም አለ፤ ማንጎውን ተደግፋ፣ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። ኦይታ ተነስቶ ቆመ። ይህን ሳል ያውቀዋል፤ የራሱ ሳል ነው።

«አንቺ...» አለ። «አንቺም?»

«እኔም» አለች፣ ድምፅ ሲመለስላት። «አንድ ቀን እንኳ ድኜ አላውቅም።»

ኦይታ ሰው ላይ የማይጮህ ሰው ነው፤ አሁንም አልጮኸም። «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተቀምጬ በደሌን ስቆፍር፣ አንቺ እንዳልዳንሽ ታውቂ ነበር» አለና ወደ ሙዙ ገባ። ተመልሶም አልወጣ። እንዲያ ያለ ቅጣት! ቢሰድባት በተሻላት ነበር።

በዚያው ወደ ወንጌላዊ አጵሎስ ቤት ሄደች፤ «ነገ እመሰክራለሁ» ብላ ሁሉንም ነገረችው። ልጁ ደነገጠ።

«እትዬ፣ ያ ምስክርነት እኮ ካምባ ድረስ ሄዷል። ሰው ይሰናከላል።»

«ተሰናክሏል እንጂ! ኦይታ ክኒኑን ትቶ አባያ ዳር ወድቆልሃል። ያኛው ቃል ካምባ ከደረሰ፣ ይሄኛውም መንገዱ አይጠፋውም።»

አጵሎስ ራሱን አሻሸ። ሲቆይ ግን «እሺ» አለ፤ ሌላ ምን ይላል?

እሑድ ማርያም ባጃጁን ከማዕዘኑ አላስቆመችውም። «በሩ ላይ አውርደኝ» አለችው። ሰው ሁሉ እያያት፣ በአቢጋኤል ትከሻ ተደግፋ ገባች። መድረኩ ላይ ስትደርስ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ማንም ተቀምጦ መስክሮ አያውቅም።

«ከሞት አውጥቶኛል» አለች። «ይሄ እውነት ነው፣ አመሰግነዋለሁ። ‹ፈጽሞ ድኛለሁ› ያልኩት ግን የእኔ ጭማሪ ነው። ዳገት አልወጣም። ሽንኩርት አይሸተኝም። አባቴ ያስተማረኝን መዝሙር መሐሉን እረሳለሁ። ሐኪም ቤት መሄድ ፈርቼ ቀረሁ፤ የፈራሁት እናንተን ነው። ከመሐላችሁ እንደ እኔ የሆነ ካለ፣ እምነቱ አልጎደለም፣ የተደበቀ በደልም የለበትም። ሕመሙ ገና አልወጣለትም፣ በቃ። መድኃኒቱንም አይተው።»

እልልታ የለ፣ አሜን የለ። ሰው እግር እግሩን ያያል። ዝምታው ሲከብዳት፣ ሌላ የምታውቀው ነገር ስለሌለ፣ የአባቷን መዝሙር አወጣች። ቃሉ ባሕር ስለ መሻገር ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ገፋችው፣ ገፋችው፣ ግማሹ ላይ ትንፋሿ አለቀ። ድሮ እዚያ ላይ መቆም አልነበረም። ሕዝቡ እንዳይቀበል ስንኙ አልሞላም፤ እንዳይተው ጀምራዋለች። አጵሎስ ሊያግዛት ማይክራፎኑን አነሳ።

በዚህ መሐል ከበሩ በኩል ከበሮ ተመታ። ቀስ ብሎ፣ ለስላሳ። ኦይታ ነው፤ ከበሮውን በትከሻው አንግቶ፣ ደክሞት የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል። መቼ እንደ ገባ ማንም አላየም። ማርያምን እያየ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ቦታውን በከበሮው ያዘላት፤ አላጣደፋትም። ትንፋሿ መጣ። የቀረውን ግማሽ ጨረሰችው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ተቀበለ፤ እንዴት ያለ መቀበል ነበር! የመጀመሪያው ቀን እልልታ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ተአምር የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። ኦይታ ወደ ክኒኑ፣ ማርያም ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ሲስተር ጸዳለ እንዳሏት ሳይደክማት ማረፍ ተማረች፤ ለእሷ ይሄ ከበሽታውም የከፋ ትምህርት ነበር። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ እንኳ ሲመለስ የተቃጠለ ጎማ ሆኖ መጣና ስትራገመው ከረመች፤ ሽንኩርት ሽንኩርት የሸተታት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ደንበኞቿን እያስቆመች «እስኪ አሽትቱልኝ!» ስትል ዋለች። ሰውነቷ ዛሬም የድሮው አይደለም። ግን ታወጣለች፤ ተቀምጣ፣ ስንኙ መሐል እያረፈች፣ ኦይታ ቦታ እየያዘላት።

በቅርቡ ከካምባ መዘምራን መጥተው ነበር። ወጣቶች፣ ጤነኞች፣ ዳገቱን እየተሳሳቁ በሩጫ የወጡ። የማርያምን አባት መዝሙር ከሰው ሰው ተቀባብለው ለምደውት ኖሯል፤ ያንኑ አወጡ። የመጀመሪያው ስንኝ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቀጥ አሉ። ከበሮው ብቻ ቀስ ብሎ ተመታ፣ ተመታ፣ ከዚያ የቀረውን ቀጠሉ።

ማርያም ከወንበሯ ብድግ አለች። ሲጨርሱ አውጪዋን ልጅ ጠራቻት።

«እዚያ ላይ ቁሙ ያላችሁ ማነው?»

ልጅቱ ግራ ገባት። «መዝሙሩ እንደዚህ ነው እኮ፣ እትዬ።»

ማርያም ወደ ኦይታ ዞረች። ኦይታ መሬት መሬት እያየ ይስቃል።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አለች ማርያም። «እንደዚህ ነው።»